ሃምሳ አለቃውን ሻምበል አታድርጓቸው

ከደረሰን ረጅም ደብዳቤ የሚከተለውን አሳጥረን አቅርበናል፦

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። አባታችን ባለፈው ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ በ67 ዓመታቸው አረፉ። እኛ አምስት ልጆች ነን፤ እኔ አራተኛዋ ነኝ። ለሙት ዓመታቸው የሕይወት ታሪካቸውን በትንሽ መጽሔት አሳትመን ለዘመድና ለእድርተኛ ለማደል ተስማምተናል። ምን ይጻፍ የሚለው ግን እያጣላን ነው። አባባ በ1969 ዓ.ም. ለእናት አገር ጥሪ ከሸዋ ገጠር ወጥተው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠኑ፤ ምሥራቅ፣ ከዚያም ሰሜን ዘምተው እስከ 1983 ዓ.ም. ወታደር ነበሩ። ማዕረጋቸው ሃምሳ አለቃ ነው፤ ሁለት ሜዳይ አላቸው። ስለ ጦርነቱ አንድም ቀን አጫውተውን አያውቁም። ልጅ ሳለሁ ወደ ሥራ ሲሄዱ ከአራት ኪሎ ወደ ብሔራዊ ቴአትር አንዳንድ ቀን እሸኛቸው ነበር፤ በትግላችን ሐውልት በኩል ስናልፍ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። ሐዘን ይሁን ንዴት ይሁን ኀፍረት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አጎቴ ያዘጋጁት ረቂቅ ‹ሻምበል› ይላቸዋል፤ ካራማራን ካስለቀቁት ጀግኖች አንዱ ናቸውም ይላል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ውትድርናው ጭራሽ አይነሣ፣ ‹ለረጅም ዓመታት በመንግሥት ሥራ አገልግለዋል› ተብሎ ይታለፍ ባይ ነው፤ በአባቱ የሚያፍር ይመስለኛል። ዝምታቸውን በምን እንሙላው? ሌሊት በእንቅልፍ ልባቸው ‹ውረዱ! ውረዱ!› እያሉ ይጮኹ እንደነበርስ ይጻፍ? ሜዳዮቹን አሜሪካ ያለው ወንድሜ ላኩልኝ እያለ ነው። ለማን ይድረሱ?
የሃምሳ አለቃው ልጅ፣ ከአራት ኪሎ»

ምላሽ

የሃምሳ አለቃው ልጅ፣ ነፍስ ይማር። ከሞቱ በኋላም አምስት ልጆች ሰብስበው የሚያከራክሩ አባት ስለነበሯችሁ ደስ ብሎኛል፤ ዓመት ሳይሞላቸው የሚረሱ ብዙ ናቸውና።

ከቀላሉ ልጀምር። አጎትሽ የሰጧቸውን ሹመት መልሱ። በዚህ ከተማ ቀብር ላይ ቆሞ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ አሥር አለቃው መቶ አለቃ፣ መቶ አለቃው ሻለቃ ሆኖ አፈር ይገባል። አጎትሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ ወንድማቸውን ማክበራቸው ነው። ይሁን እንጂ ሃምሳ አለቃነት ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ፣ ምሽግ ለምሽግ ተንከራትቶ የሚደረስበት ማዕረግ ነው። የትኛው ወታደር እግሩ እንዳበጠ፣ የማን ኮዳ እንደደረቀ፣ ኮቾሮው ለስንት ቀን እንደሚበቃ ከመኮንኑ በፊት የሚያውቀው ሃምሳ አለቃው ነው። ሻምበል ስትሏቸው ይህን ሁሉ ትነጥቋቸዋላችሁ። ደግሞም ለሙት ዓመቱ ከሚመጡት ሽማግሌዎች አንዱ አብሯቸው የነበረ ቢሆንስ? «ሻምበል» የምትለዋን ቃል እንደሰማ ከዚያ ወዲያ የሚነበበውን አንዱንም አያምንም።

የካራማራው ነገርም ከዚህ አይለይም። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ወረረን፤ ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ተያዘች፤ ሠራዊታችን ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. መልሶ ያዛት። ይህ በታሪክ የተመዘገበ ነው። አባትሽ በዚያ ዕለት የት ነበሩ? ጅጅጋ አጠገብ ካለው ካራማራ ተራራ ላይ? ሐረር? ድሬዳዋ? ወይስ አንድ መንገድ ዳር ጥይት የጫነ መኪና እያራገፉ? የምሥራቁ ግንባር ሰፊ ነበር። ወረቀታቸው «ምሥራቅ ግንባር» ብቻ የሚል ከሆነ እናንተም «ምሥራቅ ግንባር ዘምተዋል» በሉ። ጥይት ያራገፈም ዘምቷል።

ዘመኑን ለልጅ ልጆቻቸው ማስረዳት ከፈለጋችሁ አንድ አንቀጽ ይበቃል፦ የ1969ኙ ጥሪ፣ የታጠቅ ሥልጠና፣ ካራማራ፣ በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. የአፍዓበት፣ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ደግሞ የምጽዋ በሻዕቢያ እጅ መያዝ፣ በመጨረሻም በግንቦት 1983 የደርግ መውደቅ። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ገብታችሁ የጊዜውን «አዲስ ዘመን» ብታገላብጡ ጥሩ ነው፤ ጋዜጣው ድል እንጂ ሽንፈት መጻፍ እንደማይወድ አውቃችሁ አንብቡት። ከዚህ ካለፋችሁ መጽሔቱ የጦርነቱ ይሆንና አባትሽ በገዛ ሙት ዓመታቸው እንግዳ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ታላቅ ወንድምሽ ልምጣ። «በአባቱ የሚያፍር ይመስለኛል» ያልሽውን እኔ እንደዚያ አላነበብሁትም። ዕድሜያችሁን እስቲ አስቢ። በ1983 ዓ.ም. አንቺ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርሽ፤ እሱ አሥር ዓመቱ ነበር። ያ ሁሉ ሠራዊት ሲበተን፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደር ያለ ደመወዝ ወደየቤቱና ወደየጎዳናው ሲፈስ፣ የወታደር ካፖርት የለበሰ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እጁን ዘርግቶ ሲቆም አንቺ አላየሽም። እሱ አይቷል። «የደርግ ወታደር» ስድብ ሆኖ ሲወረወርም ሰምቷል። ትምህርት ቤት «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው?» ሲባል ምን ብሎ ይመልስ እንደነበር ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ማን ያውቃል፣ አባትሽ ራሳቸው «ወታደር ነበር አትበል» ብለውት ይሆናል። በዚያ ጊዜ እንዲህ ማለት ልጅን ማዳን ነው። ወንድምሽ እስከ ዛሬ ያንን ትእዛዝ እየፈጸመ ቢሆንስ?

በሐሳቡ ግን አልስማማም። «በመንግሥት ሥራ» የምትለዋ ሐረግ 14 ዓመት ትውጣለች፤ ያውም ከ19 ዓመታቸው እስከ 33 ዓመታቸው ያለውን፣ ሰው ጉልበቱ የሚያምርበትን ዕድሜ። መደበቁ ደግሞ የሚያስደብቅ ነገር ያለ ያስመስላል። የ19 ዓመት የገበሬ ልጅ ተጠርቶ ሄደ፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ ስለሚወሰነው የጠየቀው አልነበረም። በዚያ መንግሥት ላይ እያንዳንዳችሁ ያላችሁን አቋም ይዛችሁ ቆዩ። አምስት ልጆች አንድ ዓይነት አቋም ቢኖራችሁ ነበር የሚገርመኝ፤ መጽሔቱ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በኋላ ያለውን ገጽ ታላቅ ወንድምሽ ይጻፈው። አባታችሁ ከአሥመራ በእግራቸው ወጥተው ሐምሌ ላይ ቤት ሲደርሱ በሩን የከፈተላቸው እሱ እንደሆነ ረጅሙ ደብዳቤሽ ውስጥ አግኝቻለሁ። ምን ለብሰው ነበር? እግራቸው ምን ሆኖ ነበር? ወዲያው ለያቸው ወይስ እንግዳ መስለውት «ማንን ፈልገው ነው?» አለ? ከአምስታችሁ ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እንቢ ካለ አትጎትቺው፤ አንድ ሳምንት ስጪውና ድጋሚ ጠይቂው።

«ዝምታቸውን በምን እንሙላው?» ብለሻል። አትሙሉት። በትግላችን ሐውልት በኩል ሲያልፉ እርምጃቸውን ያፈጥኑ እንደነበር ነገርሽኝና ሦስት ግምት አስከተልሽ፤ ሐዘን፣ ንዴት፣ ኀፍረት። እኔም አራተኛ ልጨምርልሽ እችላለሁ፤ ሥራ እየረፈደባቸው ሊሆን ይችላል። ግምቱን ሰርዢው፤ እርምጃውን ግን አቆዪው። ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በቸርችል ጎዳና የቆመው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለበት ያ ረጅም ሐውልት የእሳቸውንም ዘመቻ የሚያስታውስ ነው፤ እሳቸውም ለዓመታት በሥሩ ወደ ጥበቃ ሥራቸው ተመላልሰዋል፤ እዚያ ሲደርሱም ይፈጥኑ ነበር። ያየሽው ይኸው ነው፤ እንዳየሽው ጻፊው።

መጠየቅ ግን ሌላ ነው፤ ጠይቂ። የካቲት 26 ደርሷል፤ በዚያ ቀን የካራማራን ድል ለመዘከር ከዚያው ሐውልት ሥር የሚሰበሰቡ የቀድሞ ሠራዊት አባላት አሉ። የወጣትነት ፎቶግራፋቸውን አስጎልተሽ አሳትሚና ይዘሽ ሂጂ፤ ከሥሩ ስማቸውን፣ ማዕረጋቸውንና የነበሩበትን ክፍል ጻፊበት። በቅጽል ስም ሲጠራራ የኖረ ጓድ ሙሉ ስም ላይነግረው ይችላል፤ ፊት ግን ይነግረዋል። የሚያውቃቸው ካገኘሽ «ስንት ገደሉ? ጀግና ነበሩ?» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ የሚጠየቅ ሽማግሌ ወይ ይዘጋል ወይ ያጋንናል። ምን ይበሉ እንደነበር፣ ከስክስ ጫማቸው ሲያልቅ ምን ያደርጉ እንደነበር፣ ደብዳቤ ማን ይጽፍላቸው እንደነበር፣ ምሽግ ውስጥ ከማን አጠገብ ይተኙ እንደነበር ጠይቂ። አንዱ «አባትሽማ በሶ ሲበጠብጥ ጨው ያበዛል» ካለሽ ከነቃሉ መዝግቢው። ታላቅ ገድል ካወራልሽ ደግሞ በአክብሮት አዳምጪና ሁለተኛ ሰው ሳይደግመው አታትሚ። ያቺን ዕለት ማንንም ባታገኚ የቀረሽ ነገር የለም፤ የምትጽፊው ሞልቷል፤ አሁን እሱን ልንገርሽ።

እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። ደብዳቤሽ ስምንት ገጽ ነው፤ ሰባቱ ስለ ውትድርናው። «ከዚያ በኋላ 24 ዓመት የሌሊት ጥበቃ ሠሩ፤ ቀን ቀን ምድጃ ይጠግኑ ነበር» የሚለው አንድ መስመር ነው። ሜዳይ ያገኙበትን 14 ዓመት ልታውቂ ትቃጠያለሽ፤ አንቺን ያሳደጉበትን 24 ዓመት በአንድ ትንፋሽ አለፍሽው። ይባስ ብለሽ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጽፈሽዋል። ከሥራ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲገቡ አምስት ጥንድ ጫማ በር ሥር ተሰልፎ ይጠብቃቸዋል፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ቀለም ይቀባሉ፣ ይወለውላሉ፣ የተተረተረውን ይሰፋሉ። ከዚያ እናንተ በቁመት ተሰልፋችሁ እጃችሁን ትዘረጋላችሁ፤ ጥፍሩ ያደገ ከሰልፉ ይወጣል። አንቺ ሁልጊዜ ትወጪ ነበር አሉ።

ይህ ኅዳግ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው? መጽሔቱ በዚህ ይጀምር። ታጠቅ የሠለጠነው ወጣትና የልጆቹን ጫማ የሚያሰልፈው አባት አንድ ሰው መሆናቸውን አንባቢው ራሱ ያየዋል፤ «ውትድርናቸው በቤታቸውም ይታይ ነበር» ብላችሁ ማብራራት አይጠበቅባችሁም።

ከዚያ እናትሽ አጠገብ ቁጭ በዪ። ሁሉም ስለ ሜዳዩ ሲጠይቅ እሳቸው ያልተጠየቁትን ጠይቂያቸው። ሌሊት ነቅቶ ቀን የሚሠራ ሰው መቼ ነበር የሚተኛው? ልጆች ድምፅ አታሰሙ የሚባሉት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው? የመጀመሪያው የጥበቃ ደመወዝ ስንት ብር ነበር፤ የቤት ኪራዩስ? በዚያ ዘመን የብዙ አዲስ አበቤ ወጥ የሚሠራው በላምባ ምድጃ ላይ ነበርና የሰፈሩ ምድጃ ሁሉ ሲጤስ ወይ ክሩ ሲያልቅ ወደ እሳቸው ይመጣ እንደነበር እገምታለሁ። ምድጃ መጠገንን ማን አስተማራቸው? ሰሜን ግንባር ነው የለመዱት ወይስ ሲቸግራቸው? መሣሪያዎቻቸውን በምን ያስቀምጡ ነበር? እጃቸው ላምባ ላምባ እየሸተተ እንጀራ ሲቆርሱ እናትሽ ምን ይሏቸው ነበር? እኔ ብሆን ለዚህ ሦስት ገጽ እሰጠዋለሁ፤ ለሁለቱ ሜዳዮች ደግሞ አንድ ፎቶግራፍ።

የዕዳ ደብተራቸውም አለ። ከእያንዳንዱ ስም ፊት የተጠገነው ዕቃ፣ ያልተከፈለው ብር፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ይቅር» የሚል ቃል እንዳለ ጽፈሻል። አንዱን ገጽ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አትሙት። ስሞቹን ግን ሸፍኑ፤ የተበዳሪዎቹ ልጆች ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አባታችሁ የማሩትን ዕዳ እናንተ ማስታወስ የለባችሁም።

የአጎትሽ ረቂቅ «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለቤተሰባቸው አሳቢ ነበሩ» ብሎ ይዘጋል። ይህን ዓረፍተ ነገር በየቀብሩ እንሰማዋለን፤ ለሁሉም ስለሚሆን ለማንም አይሆንም። «ታታሪ» የሚለውን አውጡና ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩሉን አስገቡ፤ «ሰው አክባሪ» የሚለውን አውጡና ደብተሩን። የመግቢያውን ልማድ ግን አትንኩ፤ «በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በዚህ አውራጃ፣ ልዩ ስሙ እዚህ በተባለ ቦታ» የሚለው ሲነበብ ከኋላ ወንበር «ለካ የእኛ አገር ሰው ናቸው!» ብሎ የሚነሣ ዘመድ አይጠፋም። እስከ አያት ድረስ ስም አሟሉ፤ አጎትሽ እውነተኛ ሥራቸው እዚህ ጋ ነው፤ እሳቸው ካልነገሯችሁ ሌላ የሚነግራችሁ የለም።

«ውረዱ! ውረዱ!» የሚለው ጩኸት ይጻፍ አይጻፍ የምንወስነው አንቺም እኔም አይደለንም። ያን ሌሊት ሁሉ ተነሥተው ውኃ የሰጧቸው፣ ላባቸውን የጠረጉላቸው እናትሽ ናቸው። ለብቻቸው ጠይቂያቸው፤ «አይሆንም» ካሉ ምክንያቱን ሳትጠይቂ ተይው። «ጻፊው» ካሉ ደግሞ ምን ያደርጉላቸው እንደነበር አብረሽ ጻፊ፤ ጩኸቱ ብቻውን ከቀረ አባትሽን እንደ በሽተኛ ያሳያል። የጦርነት ቅዠት በሽማግሌዎቻችን ዘንድ ብዙ ነው፤ ስም ሳይሰጠው በየመኝታ ቤቱ ሲታመም ኖሯል። በሕይወት ያለ አባት ያላችሁ አንባቢዎች ግን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ የአእምሮ ሕክምና ለእብድ ብቻ የሚመስላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል።

ሜዳዮቹን በተመለከተ፣ እናትሽ በሕይወት እያሉ ከቤት አይውጡ። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ ጥሩ ፎቶግራፍ ይላክለት፤ መጥቶ ይሳለማቸው። ሁለት ሜዳይ ለአምስት ልጅ አይከፈልም፤ እንክፈል ካላችሁ የምትከፋፈሉት እናንተ ናችሁ። በቸርችል ጎዳና የቅርሳ ቅርስ ሱቆች መስኮት ላይ አሮጌ ሜዳዮች አይቻለሁ፤ የማን እንደነበሩ ሻጩም አያውቅ። ስለዚህ ዛሬውኑ ስማቸውን፣ ማዕረጋቸውንና የተሰጠበትን ምክንያት በወረቀት ላይ ጻፉና ከሜዳዮቹ ጋር በአንድ ሣጥን አስቀምጡ። የተሰጠበትን ምክንያት ካላወቃችሁ ስማቸው ይበቃል።

የቀረው የወጪ ጉዳይ ነው። ታላቅ ወንድምሽ ሰንጋ ይታረድ ማለቱን፣ አንቺ ደግሞ ገንዘቡ ለሕትመት ይዋል ማለትሽን አይቻለሁ። እናትሽንና የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ ለጸሎቱና ለነዳያን የሚገባውን አስቀድሙ። መጽሔቱ ሰንጋ የሚያሳጣ ዋጋ የለውም። አራት ኪሎ ማተሚያ ቤትና ፎቶ ኮፒ ሞልቶበታል፤ 16 ገጽ በጥቁርና ነጭ፣ በሽቦ የተሰፋ፣ ሽፋኑ ላይ የወጣትነት ሳይሆን የበርጩማው ላይ ፎቶግራፍ ካላችሁ እሱ። ሽማግሌዎች እንዲያነቡት ፊደሉ ጎላ ይበል። ከመታተሙ በፊት አጎትሽ፣ ታላቅ ወንድምሽና እናትሽ አንድ ጊዜ ይስሙት፤ በተለይ ማዕረጉን ደግማችሁ እዩት፤ አጎትሽ በመጨረሻዋ ሰዓት ማተሚያ ቤት ሄደው ሊሾሟቸው ይችላሉ። ድንኳን ውስጥ ሙሉውን አታንብቡ፤ ሰው ርቦት ይቀመጣል። የጫማውን ገጽና ወንድምሽ የጻፈውን ገጽ ብቻ አንብቡ፤ ለሁለቱ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የጫማውን አንቺ አንብቢ፤ ጥፍርሽን ቆርጠሽ።